«ኔትወርክ የለም» ሲባል የሌለው ምንድን ነው?

በዘመናችን በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ያህል አዘውትሮ የሚነገር፣ በዚያውም መጠን ትርጕሙ ሳይመረመር የሚታለፍ ቃል ይኖራል ብለን አናምንም። ልጁ ከዐረብ አገር የላከችለትን ገንዘብ ሊቀበል ከገጠር የመጣ አባት ይህንኑ ቃል ሰምቶ ይመለሳል። የምዝገባው ቀን ዛሬ ማታ የሚያበቃበት ተማሪም ይህንኑ ሲሰማ ፊቱ ይጠቍራል። አንዳንዱ ጸሐፊ «ሲስተም የለም» ይላል፤ ለባለ ጉዳዩ ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። «ለመሆኑ የጠፋው ምኑ ነው? የጠፋውስ የት ላይ ነው? መጠገን የሚገባውስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። የበሽታውን ስም የማያውቅስ ሰው ዕጣው ከዚህ ይሻላልን? ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አሞኛል» ከማለት በቀር ራሱን ይሁን ሆዱን ለይቶ መናገር ያልቻለ በሽተኛ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያገኝ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። «ኔትወርክ የለም» የሚለውም ቃል እንዲሁ «አሞኛል» እንደ ማለት ነው። በውስጡ ቢያንስ አራት አምስት ልዩ ልዩ ሕመሞች ተሸፍነው ይገኛሉ። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በየቀኑ የምንሰማቸውን፣ ነገር ግን ትርጕማቸውን ለይተን የማናውቃቸውን የኢንተርኔት ቃላት አንድ በአንድ ለመግለጽ አስበናል።

ከሥሩ እንጀምር። ኔትወርክ ማለት መረብ ማለት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ሃያ ኮምፒዩተሮች በሽቦ ወይም በሬዲዮ ተያይዘው እርስ በርሳቸው ሲላላኩ ያ ትምህርት ቤት የራሱ የሆነ ትንሽ መረብ አለው ይባላል። ይህን የቤት ውስጥ መረብ ባለሙያዎቹ «ላን» ይሉታል። ኢንተርኔት ደግሞ እነዚህ በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየአገሩ የተዘረጉ መረቦች ሁሉ በአንድ የመነጋገሪያ ሕግ ተስማምተው የተያያዙበት የመረቦች መረብ ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ወይም አንድ መንግሥት አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይዞ ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል እንጂ።

የዚህ ነገር አጀማመር ለኛ ሳያጽናናን አይቀርም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ሌሊት በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ በኮምፒዩተር የመጀመሪያው ቃል ተላከ። ሊላክ የታሰበው «ሎግኢን» የሚለው የመግቢያ ቃል ነበር። ዳሩ ግን «ኤል» እና «ኦ» የተባሉት ሁለት ፊደላት እንደ ደረሱ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ወደቀ። ቃሉ በሙሉ የደረሰው ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። እንግዲህ በታሪክ የመጀመሪያው «ሲስተም የለም» የተሰማው እዚያው የትውልድ አልጋው ላይ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ልዩነቱ የዚያን ሌሊት ሠራተኞች የወደቀው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ፈልገው ማግኘታቸው ነው።

ብዙ ሰዎች ኢንተርኔትንና «ዌብ»ን አንድ ነገር አድርገው ይቈጥሯቸዋል። ዌብ የሚባለው ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ኢንተርኔት መንገዱ ነው፤ ዌብ በመንገዱ ላይ ከሚመላለሱት መኪናዎች አንዱ ነው፤ ኢሜይልና ቴሌግራም ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። ስለዚህ አንድ የዌብ ገጽ አልከፈትም ብሎ ቴሌግራሙ ግን የሚሠራ ከሆነ መንገዱ አልተበጠሰም፤ የቆመው አንዱ መኪና ብቻ ነው።

አሁን ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንጓዝ። በጉለሌ የምትኖር አንዲት እናት በጥምቀት ዕለት የተነሣችውን ፎቶግራፍ ዋሽንግተን ለምትኖረው ልጇ ለመላክ ስልኳን ነካች እንበል። ፎቶግራፉ የሚያልፍባቸውን በሮች አብረን እንቍጠር።

የመጀመሪያው በር ዋይፋይ ነው። ዋይፋይ በስልኩና በቤት ውስጥ ባለው ትንሽ ሣጥን መካከል ያለ የሬዲዮ ግንኙነት እንጂ ሌላ አይደለም። የሚጓዝባቸው የታወቁት ሁለት የሬዲዮ መሥመሮች 2.4 እና 5 ጊጋ ኸርዝ የተባሉት ናቸው። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳንም በተሻለ ያልፋል፤ ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ግን ወፍራም ግንብ ሲገጥመው ቶሎ ይደክማል። ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም ይመልሳቸዋል። ስለዚህ ሣጥኑን «እንዳይሰረቅ» ብሎ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቈልፍ ሰው ኢንተርኔቱን አብሮ እንደ ቈለፈ ይወቀው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት መታረም አለበት። በስልካችን ራስጌ የምናያት የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ስትሆን «ኢንተርኔት አለ» ማለት አይደለም። የምትነግረን ከስልኩ እስከ ሣጥኑ ያለው ግንኙነት ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው። ከሣጥኑ ወዲያ ያለው ሽቦ ተበጥሶ ቢሆን እንኳ ምልክቷ ሙሉ ሆና ትታያለች። የቧንቧው አፍ ደኅና መሆኑ ውኃ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንምና።

ሁለተኛው በር ያ ሣጥን ነው። በተለምዶ «ሞደም» ወይም «ራውተር» እያልን አንዱን በሌላው ስንጠራ እንሰማለን። ሥራቸው ግን የተለየ ነው። ሞደም አስተርጓሚ ነው፤ የኮምፒዩተሩን ቋንቋ መሥመሩ ሊሸከመው ወደሚችለው ምልክት፣ የመሥመሩንም ምልክት ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ ይመልሳል። በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት በተከፈተበት እ.ኤ.አ. በ1997 እና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት በስልክ መሥመር ሲገናኙ ይሰማ የነበረው ጩኸት ይህ አስተርጓሚ ከማዶው ጓደኛው ጋር ሲተዋወቅ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ራውተር ደግሞ መንገድ መሪ ነው፤ የመጣውን ሁሉ እያየ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እያለ ይልካል። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተዳብለው ስለሚሠሩ ስማቸው ቢደባለቅ አያስገርምም። ፋይበር በገባበት ቤት ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለችው ሣጥን «ኤል ኦ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያላት መብራት አላት። ይህች መብራት በቀይ ከበራች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ተቋርጧል ማለት ነውና ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ዋጋ የለውም። ለአገልግሎት ሰጪው መደወልና የመብራቷን ቀለም መንገር ግን ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ጉዳይ አድራሻ ነው። ማንኛውም መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ ለመላላክ «አይፒ አድራሻ» የሚባል ቍጥር ያስፈልገዋል። የቀድሞው ዓይነት አድራሻ በጠቅላላው 4,294,967,296 ብቻ ነው። ይህም ሲታሰብ እጅግ ብዙ መስሎ ነበር፤ ሆኖም የዓለም ሕዝብ ቍጥር እንኳ ከዚህ አልፏል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ይታደል የነበረው የመጨረሻው ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍሎ አለቀ። ስለዚህም «አይፒ ስድስት» የተባለ፣ ለመቍጠር የሚያታክት ብዛት ያለው አዲስ አድራሻ ተዘጋጅቶ በሥራ ላይ በመዋል ላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ዓለም የሚኖረው እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ በምናውቀው ዘዴ ነው፤ ይኸውም በፖስታ ሣጥን ቍጥር። አንድ ትምህርት ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ይኖረዋል፤ ለመምህራኑም ለተማሪዎቹም የሚጻፈው ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ቍጥር ይመጣል፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ ስሙን እያየ ለየባለቤቱ ያድላል። ራውተርም እንዲሁ ያደርጋል። በውጭ የሚታወቀው በአንድ አድራሻ ሲሆን በቤት ውስጥ ላሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በ192.168 የሚጀምሩ የውስጥ ቍጥሮች ይሰጣል። እነዚህ ቍጥሮች ከግቢ ውጭ አይሠሩም፤ በየቤቱ ቢደጋገሙም ችግር የለም።

ቍጥርን ማስታወስ ለሰው አይመችም። ስለዚህ ለቍጥሮቹ ስም ወጣላቸው። ስምን ወደ ቍጥር የሚመልሰው ማውጫ «ዲኤንኤስ» ይባላል። ቀድሞ የሁሉም ኮምፒዩተሮች ስምና ቍጥር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፍ ነበር። መዝገቡ ከአቅም በላይ ሲሆን ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራው ለብዙዎች የሚከፋፈልበትን ዘዴ አወጣ። የኢትዮጵያ ስሞች መጨረሻቸው «ነጥብ ኢ ቲ» የሆነው በዚሁ ሥርዓት ነው። እንግዲህ ማውጫው የተበላሸ እንደ ሆነ መንገዱ ክፍት፣ የሚፈለገውም ቤት በቦታው ሆኖ ሳለ፣ ቍጥሩን የሚነግር በመጥፋቱ ብቻ ሰው «ኔትወርክ የለም» ይላል።

ፎቶግራፉ እነሆ ከቤት ሊወጣ ነው። የሚወጣው ግን በአንድነት አይደለም። አንድ ቤተ ሰብ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አልጋውን ፈታትቶ፣ ዕቃውን በሣጥን በሣጥን አድርጎ፣ በያንዳንዱ ላይ ቍጥርና አድራሻ እንደሚጽፍ፣ ፎቶግራፉም ወደ ትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል። እነዚህ ጥቅሎች «ፓኬት» ይባላሉ። የአንዱ ፓኬት መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። ፎቶግራፉ 3 ሜጋ ባይት ቢሆን ወደ 2,000 ፓኬቶች ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዱ ጓዝ በደብረ ማርቆስ፣ አንዳንዱ በደሴ በኩል ሊመጣ እንደሚችል ሁሉ ፓኬቶቹም በልዩ ልዩ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ተቀባዩ በቍጥራቸው ተራ መልሶ ይገጥማቸዋል። አንዱ የጠፋ እንደ ሆነ «ቍጥር ይህን ያህል አልደረሰኝም» ተብሎ እንደገና ይላካል። ይህን ሕግ ቪንት ሰርፍና ሮበርት ካን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፈው አወጡት፤ ዛሬም የምንተዳደረው በዚሁ መሠረት ነው። ብዙ ፓኬት በመንገድ ሲጠፋ መሥመሩ ሳይበጠስ ሥራው ይንቀረፈፋል፤ ድምፅም ይቈራረጣል።

እዚህ ላይ ገንዘባችንን ወደሚነካው ቃል ደርሰናል። «ፍጥነት» ሲባል በውስጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ባንድዊድዝ» ነው፤ ይህም የመንገዱ ስፋት ነው። ሁለተኛው «ሌተንሲ» ነው፤ ይህ ደግሞ የመዘግየቱ መጠን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በአንድ አቅጣጫ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል። ስድስት ቢያስኬድ ኖሮ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ባሳለፈ ነበር፤ አዳማ ግን አንድ ክንድ እንኳ አትቀርብም። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 10,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሰከንድ ሃያኛ ክፍል፣ ደርሶ ለመመለስ ዐሥረኛ ክፍል ይፈጅበታል። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ በቆመው ሳተላይት በኩል ከሆነ ግን ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በእንዲህ ዓይነቱ መሥመር በስልክ ሲነጋገሩ ሁለቱ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚናገሩት ጠባያቸው ከፍቶ ሳይሆን ርቀቱ ስላሳሳታቸው ነው። ይህን መዘግየት የሚለካው መሣሪያ «ፒንግ» ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው የባሕር ሰርጓጅ መርከብን ለመፈለግ ከሚላከው ድምፅ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ በ«ቢት» እና በ«ባይት» መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። የመሥመር ፍጥነት የሚሸጠው በቢት ሲሆን የፋይል መጠን ግን የሚነገረው በባይት ነው። «10 ሜጋ ቢት በሰከንድ» ብሎ የገዛ ሰው በሰከንድ የሚደርሰው ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። ስለዚህ 700 ሜጋ ባይት የሚመዝን ፊልም ከ70 ሰከንድ በኋላ ሲጠብቅ ከ9 ደቂቃ በላይ ቢቈይበት ማንም አላታለለውም፤ ሚዛኑን ያለማወቅ ነው እንጂ። በተቃራኒው ደግሞ የስልክ ጥቅል የሚሸጠው በባይት ነው። በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚበላ ቪዲዮ ሳያቋርጥ የሚመለከት ወጣት 1 ጊጋ ባይት ጥቅሉን በ33 ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል። «ቴሌ በላኝ» ከማለቱ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ቢሠራው መልካም ነው። እንዲሁም የሚወርደውና የሚጫነው እኩል ላይሆን እንደሚችል ይወቅ፤ በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚሠራው «ኤዲኤስኤል» በተባለው መሥመር ወደ ቤት የሚመጣው መንገድ ሰፊ፣ ከቤት የሚወጣው ጠባብ ሆኖ የተሠራው በዕቅድ ነው። ፊልሙ እየታየ ፎቶግራፉ አልሄድም የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ፎቶግራፉ አሁን ከከተማ ወጣ። አገራችን ወደብ የላትምና ከዓለም ጋር የሚያገናኙን የብርሃን ገመዶች በጎረቤቶቻችን በኩል ያልፋሉ፤ ከእነዚህም ዋነኛው በር ጅቡቲ ነው። ከዚያ በኋላ ጕዞው በባሕር ሥር ነው። ብዙዎች ኢንተርኔት በሰማይ የሚሄድ ይመስላቸዋል፤ በአህጉራት መካከል የሚመላለሰው መልእክት አብዛኛው ግን የሚያልፈው የሰው ጠጕር በሚያህል የመስተዋት ክር ውስጥ፣ በባሕር ወለል ላይ ነው። ክሩ ሊበጠስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ሥር ሲኮምና ኤኤኢ አንድ የተባሉትን ጨምሮ በርካታ ገመዶች በተቈረጡ ጊዜ በእስያና በአውሮፓ መካከል ከሚተላለፈው መልእክት ከፊሉ በሌላ መንገድ መዞር ግድ ሆነበት። የዚህ ዓይነቱ ብልሽት በመርከብ እንጂ በመሰላል አይጠገንም፤ ሳምንታትም ሊፈጅ ይችላል። ከብልሽት ሌላ መሥመሩ ደኅና ሳለ በትእዛዝ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ መቈየቱ የሚታወስ ነው። ይህም «ብልሽት» አይባልም፤ የራሱ ስም አለው።

የመጨረሻው በር «ሰርቨር» ነው። ሰርቨር ማለት ሌሎች ሲጠይቁት የሚመልስ፣ መዝገብን የሚይዝ ኮምፒዩተር ነው። የባንክ ደንበኞች ሒሳብ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የእናቲቱም ፎቶግራፍ ለጊዜው የሚያርፈው እዚያ ነው። «ሲስተም የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ የወደቀው ወይም የተጨናነቀው ይህ ኮምፒዩተር ነው። በዚያች ሰዓት ዋይፋዩ፣ ፋይበሩ፣ የባሕሩም ገመድ ሁሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ፎቶግራፉ ዋሽንግተን ደረሰ፤ እኛም ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ አራት ነገሮችን በተራ መመርመር ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው። አንደኛ፣ እዚያው ቤት ያለ ሌላ ስልክ ይሠራልን? የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ በራሳችን ስልክ ነው። ሁለተኛ፣ በዋይፋይ ትቶ በሲም ካርድ ዳታ ሲሞከር ይሠራልን? የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ በቤቱ ሣጥን ወይም ወደ ቤቱ በሚገባው መሥመር ነው፤ የሣጥኑን መብራቶች ማየት ይገባል። ሦስተኛ፣ ሌሎች ገጾችና መልእክቶች ይሠራሉን? የሚሠሩ ከሆነ የወደቀው የተፈለገው ሰርቨር ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ጊዜ ማባከን ነው። አራተኛ፣ የአገር ውስጥ አገልግሎት እየሠራ የውጭው ብቻ እንቢ ብሏልን? እንዲህ ከሆነ ችግሩ ከድንበር ወዲያ ባለው መሥመር ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ያህል መድከማችን አንባቢን ሁሉ መሐንዲስ ለማድረግ አይደለም። ሐሳባችን ሌላ ነው። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል ጥፋተኛውን ይሰውራል። ነገሩን እንደ ዝናብ መቅረት፣ እንደ በረዶ መውረድ፣ ማንም የማይጠየቅበት የተፈጥሮ አደጋ ያስመስለዋል። ነገር ግን ያየናቸው በሮች ሁሉ ሠሪና ጠባቂ አላቸው። ሣጥኑ የባለቤቱ ነው፤ መሥመሩ የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ሰርቨሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው። የየትኛው በር እንደ ተዘጋ ከታወቀ ቍልፉ በማን እጅ እንዳለም ይታወቃል።

ስለዚህ በመስኮት ውስጥ ለተቀመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ልመና አለን። ከገጠር ለመጣው አባት «ኔትወርክ የለም» ብላችሁ ከምትሸኙት «አባባ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ቆሟል፤ ደውለን ጠይቀናል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይመለሱ» ብትሉት ምናልባት አንድ የአዳር ኪራይ፣ አንድ የመኪና ሒሳብ ታድኑለታላችሁ። ባለ ጉዳዮችም ብንሆን በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ቃል ስንሰማ አንገታችንን ከመድፋታችን በፊት በትሕትና «የቆመው የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለመመለስ ግን መልስ ሰጪው ተነሥቶ ማየት ይኖርበታል።